በልጆች ጭንቅላትና ዓይን ላይ የሚደርስ ጉዳት፦ መሐንዲሶች ያጠኑትና ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ

ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተዘጋጀ የጤና መረጃ

ይህ ጽሑፍ በሉዊስ ሴንተርና በአካባቢው ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። ልጅዎ ጭንቅላቱን ወይም ዓይኑን ቢመታ ምን ማድረግ እንዳለብዎት፣ ሐኪሙ ብዙ ጥያቄ የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ፣ ጉዳቱንም አስቀድሞ እንዴት መከላከል እንደሚቻል ያስረዳል። ምክሮቹ ከሐኪሞች በተጨማሪ የልጆችን አወዳደቅና ግጭት በቤተ ሙከራ የሚለኩ መሐንዲሶች ካገኙት እውቀት የመጡ ናቸው። ከእነዚህ ምርምሮች አንዳንዶቹ የሚካሄዱት እዚሁ በማዕከላዊ ኦሃዮ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋና ዋና ነጥቦች

• ልጅዎ ከወደቀ ወይም ከተመታ ሦስት ነገሮችን በአእምሮዎ ይያዙ፦ ከምን ያህል ከፍታ? በምን ላይ ወይም በምን? ከስንት ሰዓት በፊት?
• ለሐኪሙ የሆነውን እንደሆነው ይንገሩ። የሕክምናው ውሳኔ በዚህ መልስ ላይ የተመሠረተ ነው።
• ከውጭ እብጠት ወይም ቁስል አለመታየቱ ብቻውን አንጎል አልተጎዳም ማለት አይደለም።
• የተመታን ዓይን አይሹ፣ አይጫኑ፣ ምንም ነገር አይጨምሩበት።
• ወጪን፣ ቋንቋን ወይም የመኖሪያ ፈቃድን በመፍራት ሕክምና አያዘግዩ።

ወዲያውኑ 911 የሚደወልባቸው ምልክቶች

ልጅዎ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ከሚከተሉት አንዱን እንኳ ካዩ 911 ይደውሉ፦

• ለአጭር ጊዜም ቢሆን ራሱን ከሳተ
• እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ
• ደጋግሞ ካስመለሰው
• ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ
• አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ከታየ
• ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ እጁ ወይም እግሩ ከደከመ ወይም ከደነዘዘ
• ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ
• ግራ ከተጋባ፣ ሰው መለየት ካቃተው ወይም ጠባዩ ከወትሮው ከተለወጠ
• ሕፃን ከሆነ፣ ሲያባብሉት ማልቀሱን ካላቆመ ወይም ጡትና ምግብ እምቢ ካለ

አምቡላንስ እስኪመጣ ልጁን አያንቀሳቅሱት፤ በተለይ አንገቱን ያመመው ከሆነ። የሚደማ ቁስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ በቀስታ ይያዙት። የተመታው ቦታ ገባ ያለ ወይም የሚለሰልስ ከመሰለዎት ግን አይጫኑት። በቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት፣ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር አያድርጉ፤ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል፣ ሐኪሙም ቁስሉን በደንብ እንዳያይ ያደርገዋል። እብጠቱን አይሹ፣ ለወጌሻም አይስጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ መያዝ ይበቃል።

የልጅ ጭንቅላት ከአዋቂ ጭንቅላት በምን ይለያል?

አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት የቁመቱ አንድ አራተኛ ያህል ነው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ግን የቁመቱ አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። የሕፃኑ አንገት ደግሞ ገና አልጠነከረም። ለዚህ ነው ትንሽ ልጅ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ቀድሞ የሚወርደው።

የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶችም ገና አልተጋጠሙም። እርግብግቢት የምንለው ለስላሳ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ነው። በ2006 ብሪታኒ ኮትስና ሱዛን ማርጉሊስ የተባሉ ሁለት የምህንድስና ተመራማሪዎች የሕፃናትን የራስ ቅል ጥንካሬ ለክተው ባሳተሙት ጥናት፣ አጥንቶቹን የሚያገናኘው ስፌት ከመበጠሱ በፊት ከሕፃኑ አጥንት 30 ጊዜ ያህል የበለጠ እንደሚለጠጥ አሳይተዋል። ይህ ማለት የሕፃን ራስ ቅል ሲመታ ቅርጹን ይለውጣል፤ ኃይሉም ወደ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የሕፃናትን ጉዳት ለመረዳት የአዋቂዎችን መለኪያ አሳንሶ መጠቀም አይበቃም።

ሌላው ትልቅ ትምህርት የመጣው በ1943 ነው። ሆልበርን የተባለ የኦክስፎርድ የፊዚክስ ሊቅ፣ ጭንቅላት በድንገት ሲዞር አንጎል ከራስ ቅሉ ጋር እኩል እንደማይዞር አስረዳ። በብርጭቆ ያለ ውሃ ብርጭቆው በድንገት ሲዞር ወዲያው አብሮት እንደማይዞር ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የአንጎል ሕብረ ሕዋስ ይሳባል፣ ይጠመዘዛል። ኮንከሽን የሚባለው የአንጎል መናጋት አጥንት ሳይሰበር፣ ቆዳም ሳይቆስል ሊደርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐኪሙ ስለ አወዳደቁ ደጋግሞ የሚጠይቀው ለምንድን ነው?

ብዙ ወላጆች ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ነርሷም ሐኪሙም አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲደጋግሙባቸው ይጨነቃሉ። «አላመኑኝም» ብለው የሚያስቡም አሉ። ጥያቄው ግን የምርመራው አካል ነው።

አንድ ነገር ሲወድቅ መሬት ሲደርስ የሚኖረው ጉልበት ከከፍታው ጋር እኩል ያድጋል። ከ90 ሴንቲሜትር የወደቀ ልጅ መሬት የሚደርሰው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል እየፈጠነ ነው። ከ1 ሜትር ከ50 ከሆነ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የሚያርፍበት ቦታም ወሳኝ ነው። ወፍራም ምንጣፍ ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ ያቆመዋል፤ ሲሚንቶ ግን በቅጽበት ያቆመዋል፣ ኃይሉም በዚያው ልክ ይበረታል።

በ2009 በአሜሪካ 25 ሆስፒታሎች ጭንቅላታቸውን የተመቱ 42,412 ልጆችን የተከታተለ ጥናት ታትሟል። ዛሬ ብዙ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች የሚመሩት በዚህ ጥናት ነው። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከ3 ጫማ ማለትም ከ90 ሴንቲሜትር በላይ ከወደቀ፣ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ከ5 ጫማ ማለትም ከ1 ሜትር ከ50 በላይ ከወደቀ አደጋው ከባድ ተብሎ ይመደባል። ስለዚህ «ከአልጋ ወደቀ» በሚለውና «ከኩሽና ባንኮኒ ላይ ወደቀ» በሚለው መካከል ትልቅ የሕክምና ልዩነት አለ።

ለሐኪሙ የሚከተሉትን ይንገሩ፦

• ከፍታው፦ በሜትር ካላወቁት በሰውነትዎ ያሳዩ፤ «እስከ ጉልበቴ»፣ «እስከ ወገቤ»፣ «ከእኔ ቁመት በላይ»።
• ያረፈበት ቦታ፦ ምንጣፍ፣ የእንጨት ወለል፣ ሴራሚክ፣ ሲሚንቶ፣ ሣር።
• የተመታበት የጭንቅላት ክፍል፦ ግንባር፣ ጎን ወይም ከኋላ። በትንንሽ ሕፃናት ከግንባር ሌላ ባለ ቦታ የወጣ እብጠት ይበልጥ ትኩረት ይሰጠዋል።
• ወዲያው ያደረገው፦ አለቀሰ? ዝም አለ? አስመለሰው? ስንት ጊዜ?
• ጊዜው፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር «8 ሰዓት ላይ» ቢሉ አስተርጓሚው ወይም ሐኪሙ በአሜሪካ አቆጣጠር ሊረዳው ይችላል፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። «ከሁለት ሰዓት በፊት» ማለት ከስህተት ይጠብቃል።
• ያላዩት ከሆነ «አላየሁም፣ ድምፅ ሰምቼ ነው የመጣሁት» ይበሉ። ይህም ጠቃሚ መልስ ነው። ግምትን እንደ እውነት አይናገሩ።
• ከአንድ በላይ ሰው ልጁን ይጠብቅ ከነበረ ያየው ሰው አብሮ ይምጣ ወይም በስልክ ይናገር።

ሲቲ ስካን ለሁሉም ልጅ አይታዘዝም

ሲቲ ስካን የአንጎልን ፎቶግራፍ የሚያነሳ ምርመራ ነው። ጨረር ስለሚጠቀም ለልጆች የሚታዘዘው በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ምንም የአደጋ ምልክት በሌላቸው ልጆች ላይ ከባድ የአንጎል ጉዳት የመገኘት ዕድሉ ከ2,000 ልጆች ከአንዱም ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ሐኪሙ «ምርመራ አያስፈልገውም፣ ለጥቂት ሰዓታት እናየዋለን» ካለ ልጅዎን ችላ ብሎት አይደለም። ብዙ ጊዜ ክትትሉ ጉዳቱ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ሰዓቱን በትክክል መናገር የሚጠቅመው ለዚህም ነው። ካልገባዎት «ሲቲ ስካን ያላዘዙለት ለምንድን ነው? ምን ካየሁ ልመልሰው?» ብለው ይጠይቁ።

ጭንቅላቱ ተመቶ ዓይኑ የሚታየው ለምንድን ነው?

ዓይን ከአንጎል ጋር በነርቭ የተያያዘ ነው። በዓይን ጀርባ ያለው ሬቲና የሚባለው ስስ ሽፋን ጥቃቅን የደም ሥሮች አሉት። የሕፃን ጭንቅላት በኃይል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንገላታ በዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ሬቲናውን ይስባል፤ በዚያም ደም ሊፈስ ይችላል። በዩታ ዩኒቨርሲቲ የብሪታኒ ኮትስ ቤተ ሙከራ ከሚያጠናቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው፤ ፈሳሹ ከሬቲናው ጋር ምን ያህል እንደተጣበቀ በመለካትና የሕፃን ዓይንን በኮምፒውተር በመሥራት፣ የትኛው እንቅስቃሴ የትኛውን ጉዳት እንደሚያመጣ ለመለየት ይሞክራል። ዓላማው ድንገተኛ አወዳደቅን ከመንገላታት መለየት ነው። ይህ ልዩነት ለልጁም ለቤተሰቡም ከባድ ዋጋ አለው፤ ጉዳት የደረሰበት ልጅ ሳይታወቅ እንዳይቀር፣ ያልበደለ ወላጅም እንዳይጠረጠር።

ስለዚህ ሐኪሙ በትንሽ ሕፃን ዓይን ውስጥ ጠብታ ጨምሮ ብሌኑን አስፍቶ ሊያይ ይችላል። ጠብታው ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን እንዲከብደው ያደርጋል እንጂ አይጎዳውም። በኦሃዮ ሕግ ሐኪሞች፣ ነርሶችና መምህራን ልጅ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ጥያቄዎቹ የሚቀርቡት ለማንኛውም ቤተሰብ ነው፤ መጠየቅ ማለት መከሰስ ማለት አይደለም። የሆነውን ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ መናገር ለእርስዎም ለልጅዎም መጠበቂያ ነው። ፍርሃት አድሮብዎት ሕክምና ማዘግየት ግን ልጁን ይጎዳል።

ሕፃንን በፍጹም አይነቅንቁ። የሕፃናት ለቅሶ ብዙውን ጊዜ በ2 ወር ዕድሜ አካባቢ ይበረታል፤ ከዚያ ይቀንሳል። ምንም ያልጎደለው ጤነኛ ሕፃን ለሰዓታት ሊያለቅስ ይችላል። ትዕግሥትዎ ካለቀ ሕፃኑን በጀርባው በአልጋው ላይ አስተኝተው ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ይውጡ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይጥሩ። እዚህ አገር እንደ ቤታችን እናትና እህት ከጎን የሉም፤ እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም። ልጁን ለሚይዙ ሁሉ ይህን ይንገሯቸው።

ዓይን ሲመታ

ዓይን በአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። እንደ እግር ኳስ ያለ ትልቅ ኳስ ሲመታ አጥንቱ የኃይሉን ብዙ ክፍል ይቀበላል። ትንሽና ፈጣን ነገር ግን በአጥንቱ መካከል ገብቶ ኃይሉን በሙሉ ዓይኑ ላይ ያሳርፋል። በአገራችን የቡሄ ጅራፍ፣ ወንጭፍና እንጨት በልጆች ዓይን ላይ አደጋ እንደሚያደርሱ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ደግሞ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጥይት የሚተኩሱ የአየር ጠመንጃዎች አሉ። በኮሎምበስ የኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1990 እስከ 2016 በእነዚህ ጠመንጃዎች የሚደርሰው አጠቃላይ ጉዳት ቢቀንስም የዓይን ጉዳቱ በ30 በመቶ ያህል ጨምሯል። ጠመንጃው መጫወቻ ይመስላል፤ መጫወቻ ግን አይደለም።

ኬሚካል ከገባ፦ ዓይኑን ከፍተው ለብ ባለ የቧንቧ ውሃ ወዲያውኑ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። መጀመሪያ ይጠቡ፣ ከዚያ ይደውሉ። የመርዝ መረጃ ማዕከል ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። በረኪናና በስስ ሽፋን የታሸጉ የልብስ ሳሙና እንክብሎችን ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለና የተቆለፈ ቦታ ያስቀምጡ። በአሜሪካ በእነዚህ እንክብሎች ምክንያት የሚደርስ የዓይን ቃጠሎ በ3 እና በ4 ዓመት ልጆች ላይ ከ2012 እስከ 2015 በብዙ እጥፍ ጨምሮ ነበር።

የተሰካ ነገር ካለ፦ አይንቀሉት። ዓይኑን ሳይነኩ የወረቀት ኩባያ ከላይ ደፍተው በፕላስተር ያስይዙ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብና መጠጥ አይስጡት።

በኳስ፣ በቡጢ ወይም በዱላ ከተመታ፦ አይጫኑት። እይታው ከደበዘዘ፣ ሁለት ሁለት ከታየው፣ በጥቁሩ የዓይን ክፍል ፊት ደም ከታየ ወይም ሕመሙ ከበረታ ወዲያው ሕክምና ያስፈልገዋል። አንድ ልብ የማይባል ምልክት አለ፦ ዓይኑ ከውጭ ጤነኛ መስሎ፣ ልጁ ወደ ላይ ማየት ካቃተውና ካስመለሰው፣ የዓይን ጎድጓዳው አጥንት ተሰብሮ ጡንቻ ይዞ ሊሆን ይችላል። ይህ በልጆች ላይ አስቸኳይ ነው።

በማንኛውም የዓይን ጉዳት የእናት ጡት ወተት፣ ቅቤ፣ ቅጠል ወይም ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው የታዘዘ ጠብታ አይጨምሩ። ኩልም አይኳሉት፤ አንዳንድ ኩል እርሳስ የሚባለው ለአንጎል መርዝ የሆነ ብረት አለበት።

ምርምሩ ወደ ቤትዎ እንዴት ይደርሳል?

ከሉዊስ ሴንተር በስተሰሜን ምዕራብ፣ ኢስት ሊበርቲ በምትባል የኦሃዮ መንደር፣ የፌዴራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ምርምርና ሙከራ ማዕከል አለ። እዚያ መሐንዲሶች በልጅ መጠን የተሠሩ፣ በውስጣቸው መለኪያ ያላቸው አሻንጉሊቶችን በግጭት ይፈትናሉ። የ10 ዓመት ልጅን የሚመስል አዲስ አሻንጉሊትም እዚያ ተሠርቷል። በኮሎምበስ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጉዳት ባዮሜካኒክስ ምርምር ማዕከል የልጆችን የመኪና ወንበር ያጠናል። የኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል የጉዳት ምርምርና ፖሊሲ ማዕከል ደግሞ ልጆች ቤት ውስጥ በምን እንደሚጎዱ ይቆጥራል። ከዚህ ሁሉ የተገኙት ምክሮች የሚከተሉት ናቸው።

ቤት ውስጥ

ጎማ ያለው የሕፃን መራመጃ አይጠቀሙ። በመራመጃ ውስጥ ያለ ሕፃን በአንድ ሰከንድ ከ3 ጫማ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ እርስዎ አጠገቡ ሆነውም አይደርሱበትም። የኔሽንዋይድ ተመራማሪዎች በ2018 እንዳሳተሙት፣ ከ1990 እስከ 2014 ከ230,000 በላይ ሕፃናት በመራመጃ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። ከ10 ዘጠኙ የተጎዱት በጭንቅላት ወይም በአንገት ላይ ነው፤ ከ4 ሦስቱ ያህል የወደቁት በደረጃ ነው። ካናዳ መራመጃን በ2004 አግዳለች። በአሜሪካ የ2010 አስገዳጅ መስፈርት ከወጣ በኋላ ጉዳቱ ቀንሷል፤ ነገር ግን አልጠፋም። መራመጃ ልጅ ቶሎ እንዲሄድም አያደርግም። መሬት ላይ መጫወት ይሻላል።

ቴሌቪዥንና መሳቢያ ያለውን ቁም ሣጥን ከግድግዳ ጋር ይሰሩ። ልጅ መሳቢያውን እንደ ደረጃ ሲወጣበት ሣጥኑ ወደ ፊት ይደፋል። ከመስከረም 2023 ጀምሮ የሚሠሩ የልብስ ሣጥኖች እንዳይወድቁ የሚያስገድድ የፌዴራል መስፈርት አለ፤ ያገለገለ ዕቃ የገዙ ግን ይህን መስፈርት ላያሟላ ይችላል። በደረጃ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ የሕፃን በር ያድርጉ፤ የላይኛው በብሎን የሚታሰር ይሁን። በገበያ ጋሪ ላይ ልጅ አይቁም፤ ቀበቶውን ይሰሩለት።

መኪና ውስጥ

ሕፃንን በጭን ታቅፎ መሄድ አደገኛ ነው። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ አሥረኛ ጊዜ ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንደ 140 ኪሎ ያህል ሆኖ ወደ ፊት ይወረወራል። የትኛውም የእናት ክንድ ይህን አይዝም።

የኦሃዮ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ዕድሜው ከ4 ዓመት በታች ወይም ክብደቱ ከ40 ፓውንድ በታች የሆነ ልጅ በካር ሲት ይቀመጣል። ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካልደረሰ በቡስተር ይቀመጣል። ከ8 እስከ 15 ዓመት ያለው ቀበቶ ያስራል። ሕጉ ዝቅተኛው ነው። ትንሽ ልጅ ወደ ኋላ የሚያይ ካር ሲት የሚፈቅደው ክብደትና ቁመት እስኪሞላ ድረስ ወደ ኋላ እያየ ቢቆይ ይሻላል፤ በግጭት ጊዜ ወንበሩ ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን አንድ ላይ ይደግፋል። በክረምት ወፍራም ጃኬት ለብሶ አይታሰር፤ በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ይጨመቅና ቀበቶው ይላላል። ቀበቶውን መጀመሪያ ይሰሩ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከላይ ያልብሱት። ግጭት የደረሰበት ወይም ታሪኩን የማያውቁት ያገለገለ ካር ሲት አይጠቀሙ። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦች ኦሃዮ በክልስ በካይስ በተባለው የክፍለ ግዛቱ ፕሮግራም ካር ሲት ማግኘት ስለሚችሉ የጤና ቢሮውን ይጠይቁ።

ብስክሌትና ስፖርት

በአሜሪካ የሚሸጥ የብስክሌት ሄልሜት ከ1999 ጀምሮ አስገዳጅ ፈተና ያልፋል፤ ከ2 ሜትር ከፍታ በጠፍጣፋ ብረት ላይ ይጣላል። በውስጡ ያለው ፎም ኃይሉን የሚቀበለው ራሱ እየተጨመቀ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከባድ ምት የደረሰበትን ሄልሜት ይቀይሩ፣ ከውጭ ደህና ቢመስልም። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ይተው፣ የአገጩ ማሰሪያ ጠበቅ ይበል። ሄልሜት የራስ ቅል ስብራትን በእጅጉ ይከላከላል፤ የአንጎል መናጋትን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። በመጫወቻ ሜዳ ላይ ግን ይውለቅ፤ ማሰሪያው ተይዞ ሊያንቀው ይችላል።

የቨርጂኒያ ቴክ መሐንዲሶች የ7 እና የ8 ዓመት ልጆች በሚለብሱት የአሜሪካ ፉትቦል ሄልሜት ውስጥ መለኪያ አስገብተው በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ከባድ ከነበሩት ምቶች ከ4 ሦስቱ የደረሱት በልምምድ እንጂ በውድድር እንዳልነበረ አገኙ። በዚያው ዓመት ፖፕ ዋርነር የተባለው ትልቅ የልጆች ሊግ በልምምድ ጊዜ የሚፈቀደውን መጋጨት ገደበ። በእግር ኳስም የአሜሪካ ፌዴሬሽን በ2015 ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ኳስን በጭንቅላት መምታት ከልክሏል።

ከ2013 ጀምሮ በኦሃዮ ሕግ የአንጎል መናጋት ምልክት ያሳየ ልጅ ከጨዋታው ወዲያው ይወጣል፤ በዚያ ቀን አይመለስም፤ ለመመለስም ሐኪም ወይም ሌላ የተፈቀደለት ባለሙያ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት። አሠልጣኙ ወይም ልጁ ራሱ «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ ይህን መብት ይጠቀሙ።

የኮፍያ ጥላ ዓይንን ከምት አያድንም፤ ተራ መነጽርም ሊሰበር ይችላል። ቅርጫት ኳስ፣ ቤዝቦል ወይም የራኬት ጨዋታ ለሚጫወት ልጅ ፖሊካርቦኔት መስታወት ያለው የስፖርት መነጽር ይጠይቁ። አንድ ዓይኑ ብቻ በደንብ ለሚያይ ልጅ ይህ ግዴታ ነው ብለው ይያዙት። በሐምሌ 4 በዓል በእጅ የሚያዝ ብልጭልጭ ርችት ለልጅ አይስጡ፤ ሙቀቱ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

ሐኪም አይቶት ወደ ቤት የተመለሰ ልጅ መተኛት ይችላል። «እንዳይተኛ» የሚለው የቆየ ምክር ለሁሉም አይሠራም፤ በየስንት ሰዓቱ መቀስቀስ እንዳለብዎት ሐኪሙን ይጠይቁ። ለ1 ወይም 2 ቀን ይረፍ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ትምህርትና ጨዋታ ይመለስ። ለልጅ አስፕሪን አይስጡ፤ የትኛውን ማስታገሻ፣ ስንት እንደሚሰጡት ይጠይቁ።

ዓይኑን አይርሱ። በፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል በ2015 የታተመ ጥናት የአንጎል መናጋት ከደረሰባቸው 100 ታዳጊዎች መካከል 69ኙ የእይታ ችግር እንደነበረባቸው አሳይቷል። ልጅዎ መጽሐፍ ሲያነብ ራሱን ካመመው፣ መስመር ከዘለለ ወይም ፊደል ከተደራረበበት ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ለሐኪሙና ለትምህርት ቤቱ ይንገሩ፤ የቤት ሥራው እንዲቀንስለት ይጠይቁ።

መብትዎ

• የድንገተኛ ክፍል ማንኛውንም ሰው መመርመርና አስቸኳይ ሕክምና መስጠት አለበት። ኢንሹራንስ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ አለመኖር አያስከለክልም። ይህ ከ1986 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ነው።
• በአማርኛ ነፃ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ።
• ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ። ቃሉን ሊሳሳት ይችላል፤ የማይገባውን ጭንቀትም ይሸከማል።
• የተሰጠዎትን ወረቀት ካልተረዱት ከመውጣትዎ በፊት እንዲነበብልዎ ይጠይቁ።

የኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል በኮሎምበስና በሉዊስ ሴንተር የልጆች ድንገተኛ ሕክምና ይሰጣል። ሁኔታው ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ራስዎ አይንዱ፤ 911 ይደውሉ።

ይህ ጽሑፍ ለትምህርት የተዘጋጀ ነው፤ የሐኪምን ምክር አይተካም። በማቀዝቀዣዎ በር ላይ ይለጥፉት፤ ልጅዎን ለሚጠብቅ ሰው ሁሉም ያሳዩት።